የእትዬ ሳፋ ደንገል

የሕንጻችን የነዋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ እኔ ነኝ። ጸሐፊ የሆንኩት ጽሕፈቴ አምሮ ሳይሆን በምርጫው ቀን ስለቀረሁ ነው፤ እኛ ዘንድ ኮሚቴ ሲቋቋም የሚመረጠው ያልተገኘ ሰው ነው። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ደብዳቤ ስመዘግብ ኖሬ፣ ጡረታ ስወጣ ሌላ መዝገብ አቀፍኩ። የኑሮ መመሪያዬ «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት ነበር። እህል ይነቅዛል፣ እንጨት ይነቅዛል፣ ዝም ያለ ሰው ግን ምንም አይሆንም ብዬ አምን ነበር። አሁን በዚህ ነገር ላይ ሌላ ሐሳብ አለኝ። ሐሳቤን ያስለወጡኝ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጉልበታቸውን ቁርጥማት የያዛቸው አንዲት ሴት ናቸው።

እትዬ ሳፋ እንላቸዋለን። ስሙን ማን እንዳወጣላቸው አይታወቅም፤ ምክንያቱ ግን ከግቢው በር ላይ ሆኖ ቀና ላለ ሁሉ ይታያል። የጋራው መተላለፊያ በእሳቸው ደጃፍ ያልቃል፤ እዚያ ጫፍ ላይ፣ ከብረት መከታው አጠገብ፣ ውሃ ሲሞላ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ የሚያነሳው አንድ ጎኑ የተጨረመተ ትልቅ የአሉሚኒየም ሳፋ ተቀምጧል። ሳፋው ውሃ አለው። ውሃው ውስጥ ታቹ የተበሳሳ ባልዲ ቆሟል። ከባልዲው ደግሞ ሰው የሚያክል ደንገል ወጥቷል። ረግረግ ላይ የሚበቅለው ትልቁ ደንገል አይደለም፤ ለጌጥ የሚሆነው፣ አጠር የሚለው ዘመዱ ነው። ዘንጉ ቀጥ ያለና ልሙጥ ነው፤ ጫፉ ላይ ብቻ ቀጫጭን ቅጠሎች እንደ ጃንጥላ ሽቦ ዙሪያውን ይዘረጋሉ። ዝናብ የማያስጥል፣ ፀሐይ የማይከልል ጃንጥላ ነው እያልኩ አሾፍባቸው ነበር። እሳቸውም የማይናገር አፍ ካለው ሰው ይሻላል ይሉኛል።

ሌላው ሰው አበባውን ውሃ ያጠጣል፤ እትዬ ሳፋ ግን ደንገላቸውን ውሃ ውስጥ ነው የሚያቆሙት። እግሩ ካልረጠበ ልቡ አይረጋም ይላሉ። ውሃውን ማታ ከቧንቧ ቀድተው ያሳድሩትና ጠዋት ይሰጡታል፤ እንደወረደ ከተሰጠው የቅጠሉ ጫፍ ይጠወልጋል። አፈሩ እንዳይንሳፈፍ ከላይ ጠጠር አልብሰውታል። ጠጠሩን ከመንገድ ሥራ ክምር ላይ ለቅመው አንድ በአንድ አጥበውታል፤ የመንገድ ሠራተኞቹ ምን ፈልገው ነው ብለው ሲጠይቋቸው ድንጋይ ነዋ፣ እናንተ ጋር ሌላ ምን አለ ብለዋቸዋል። ቢጫ የሆነ ዘንግ ሲያገኙ ከመሃሉ አይቀነጥሱትም፣ ከሥሩ ይዘው ያነሱታል። ቅዳሜ ቅዳሜ እያንዳንዱን ጃንጥላ በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጋሉ። በየሦስት ቀኑ ደግሞ የሳፋውን ውሃ ሙልጭ አድርገው ይደፉና ሳፋውን ፈትገው አዲስ ይሞላሉ። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ልብ በሉልኝ። ጣጣው ሁሉ የመጣው እሷን ልብ ካለማለት ነው።

እትዬ ሳፋ ሠላሳ አንድ ዓመት የሆስፒታል አጣቢ ነበሩ። እድፉን አይተው አንሶላው የየትኛው ክፍል እንደሆነ ይናገሩ ነበር፤ የቆዳ ክፍሉ ቅባት አለው፣ የአጥንት ክፍሉ ጄሶ፣ የወሊዱ ደግሞ አይነገርም። እጃቸው በረኪና ለብሶ ከመኖሩ የተነሳ ዛሬም የጣታቸው አሻራ አይወጣም፤ ጡረታ ለመውሰድ በሄዱ ቁጥር ከጣት ማንሻው ጋር ይጣላሉ። አንድ ጊዜ ከቀዶ ጥገና ክፍል በመጣ ጥቅል ውስጥ የተረሳ መርፌ ጓደኛቸውን ወጋት። ኃላፊው በጨርቅ እሰሪውና ሥራሽን ቀጥይ ብሎ ሊያልፈው ሲል፣ እትዬ ሳፋ አንሶላውን መርፌው እንደተሰካበት ተሸክመው ሦስተኛ ፎቅ ወጡ። ዋናው ሐኪም ስብሰባ ላይ ነበር። በሩን ከፍተው ገቡ፣ አንሶላውን በተሰብሳቢዎቹ ወረቀት ላይ ዘረጉት፣ ይህ የእናንተ ነው የእኛ አይደለም አሉና ወጡ።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አንሶላ ሳይራገፍ ከክፍል መውጣቱ ቀረ። ማስጠንቀቂያውን እስከ ዛሬ በፕላስቲክ ሸፍነው አስቀምጠውታል፤ ሌላው ለእንግዳ የልጁን የምረቃ ፎቶ እንደሚያሳይ እሳቸው እሱን ያሳያሉ።

ከእጥበት ክፍሉ ጀርባ እጣቢው የሚወርድበት ቦይ ነበር። ቦዩ ዳር ማንም ያልተከለው ደንገል፣ ሳሙናና በረኪና እየጠጣ፣ ሰው እያከለ ይበቅል ነበር። አጣቢዎቹ እግራቸውን ከውሃ የሚያወጡት ለምሳ ብቻ ነው፤ ምሳቸውንም የሚበሉት እዚያ ነበር። ባል የሚታማው፣ ኃላፊ የሚፌዝበት፣ የሚለቀሰውም እዚያው ነው። ኋላ ትላልቅ ማጠቢያ ማሽኖች መጡና አሥራ ሁለቱ ሴቶች በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ወረቀት ተሰናበቱ። ቦዩም በሲሚንቶ ሊደፈን ነው ተባለ።

እትዬ ሳፋ ከቆሻሻ ክምር ላይ የተጣለውን የድሮ ሳፋቸውን አነሱ። ቦዩ ውስጥ ገብተው አንድ እቅፍ ደንገል ከነሥሩ ከነጭቃው ነቀሉና ሳፋው ላይ ጭነው ራሳቸው ላይ አደረጉት። በር ላይ ጠባቂው የሆስፒታል ንብረት ይዞ መውጣት ክልክል ነው አላቸው። ሳፋው ተወግዷል አሉት። ሣሩስ አላቸው።

«ሣሩ በየትኛው መዝገብ፣ በስንት ቁጥር እንደሰፈረ አምጣና አሳየኝ። እስክትመጣ እዚሁ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።»

ጭቃው በግንባራቸው እየወረደ ቆሙ። ጠባቂው መዝገብ ፍለጋ አልሄደም፤ በሩን ከፈተላቸው። ከሠላሳ አንድ ዓመት ይዘውት የወጡት ይኸው ነው። ስለዚህ እሳቸው ስለ ደንገላቸው ሲናገሩ ስለ አበባ የሚናገሩ የመሰለው ሰው ተሳስቷል። ሊቀመንበራችን ተሳሳተ። እኔ ደግሞ እያወቅሁ አብሬው ተሳሳትኩ፤ የእኔ ይብሳል።

ሊቀመንበራችን የመኪና መንዳት አስተማሪ ነበር። እኔንም አስተምሮኛል፤ ሦስት ጊዜ ወድቄ እስከ ዛሬ በእግሬ እሄዳለሁ። ጡረታ ቢወጣም ከመሪው አልወረደም። ስብሰባ ሲከፍት ቀበቶ እሰሩ ይላል፤ ሰው ንግግር ሲያረዝም ፍሬን ያዝ ይለዋል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰው ሁሉ ከጎኑ የተቀመጠ ተማሪ ይመስለዋል እንጂ። ኩራቱ የግቢያችን ፏፏቴ ነው፤ ክብ የሲሚንቶ ገንዳ፣ መሃሉ ላይ አፉን ወደ ሰማይ የከፈተ የሲሚንቶ ዓሣ። ከዓሣው አፍ ውሃ ሲወጣ ያየነው በምረቃው ቀን ብቻ ነው፣ እሱም ለሩብ ሰዓት። ከዚያ ሞተሩ ተቃጠለ፣ የማፍሰሻው ውታፍ ተቀርቅሮ አልነቀል አለ፣ ገንዳው የዝናብ ውሃ እንዳቆረ ቀረ። ሊቀመንበሩ ግን በቅርብ ቀን ይሠራል ይላል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው።

በዚያ ዓመት ዝናቡ እንዳባራ ትንኝ ወረረን። ልጆች ፊታቸው አባብጦ ትምህርት ቤት ይሄዱ ጀመር። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ነርስ ይህ ከቆመ ውሃ የሚመጣ ነው፣ የቆመ ውሃ ፈልጉ አለች። የቆመ ውሃ ሲባል ግቢው ሁሉ ቀና ብሎ አራተኛ ፎቅን አየ። ጎንበስ ብሎ ገንዳውን ያየ የለም። እኔ አይቼዋለሁ። ጠዋት ጋዜጣ ልገዛ ሳልፍ ውሃው ላይ የሚርመሰመሰውን በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። ነገር ግን ፏፏቴው የሊቀመንበሩ ነው፣ ዝም ደግሞ አይነቅዝም።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ብሎ ጀመረ፤ ደንገሉ በጋራ መተላለፊያ ላይ የተቀመጠ ነው፣ በሰባት ቀን ይነሳ ብሎ ጨረሰ። እጅ ወጣ። የእኔም ወጣ። ደብዳቤውን ጻፍኩና ይዤ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ።

እትዬ ሳፋ ደብዳቤውን አልተቀበሉኝም፤ አንብብልኝ አሉኝ። ማንበብ ያውቃሉ፤ ከእኔ አፍ ሊሰሙት ፈልገው ነው። አነበብኩላቸው። ሳፋውን እየፈተጉ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ትንኝ ከእንቁላሉ ወጥቶ ክንፍ እስኪያወጣ ሳምንት ይፈልጋል» አሉ። «እኔ በየሦስት ቀኑ እደፋዋለሁ። እኔ ደጅ የሚወለድ ትንኝ ካለ ሳይድህ ነው የሚሞተው።»

«እሱንማ አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«ካወቅህ ለምን ጻፍከው?»

ኮሚቴው ወስኖ ነው አልኩ። እሳቸው እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና ወረቀቱን ተቀበሉኝ።

«ፍንክች ያባ ቢላዋ ልጅ ብላለች በላቸው።»

ለኮሚቴው ነገርኩ፤ ቃል በቃል። ሊቀመንበሩ ራሱ ወጥቶ ለአንድ ሰዓት አስተማራቸው። ሲወርድ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው ብሎኝ አለፈ። በማግስቱ ግቢው ሲነሳ ደብዳቤያችን አራተኛ ፎቅ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ከጎኑ ያ የሆስፒታሉ ማስጠንቀቂያ፣ ከነፕላስቲኩ። ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ሆነው ነፋስ ያወዛውዛቸዋል። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቀና እያሉ ማኅተማችንን ለማንበብ ይሞክሩ ነበር።

ሰባቱ ቀን አለፈ። በስምንተኛው ቀን እትዬ ሳፋ ለጉልበታቸው ሐኪም ቤት ሄዱ። ሊቀመንበሩ ይህን ጠብቆ ነበር መሰለኝ፣ የግቢውን ዘበኛ ከነአጥር መከርከሚያው ይዞ እኔ ቤት መጣ። ከሥሩ ይነቀል አለ። እኔ ደግሞ፣ ርኅሩኁ ጸሐፊ፣ አንድ ሐሳብ አመጣሁ፦ ሥሩ ይቅር፣ ከአንገቱ ብቻ ይቆረጥና ውሳኔው እንደተፈጸመ ይቆጠር። እያዘንኩላቸው መስሎኝ ነበር። ሊቀመንበሩ ተስማማ፤ ዘበኛው ወጣና አርባ የሚሆኑ ጃንጥላዎችን ከእያንዳንዱ ራስ ጋር አንድ ጣት የምታህል ዘንግ እያስቀረ ቆረጣቸው። ሳፋው ላይ ራስ የሌለው የዘንግ ጫካ ቆሞ ቀረ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ደንባችን መናገር አለብኝ። የቆሻሻ መኪና የሚመጣው በሳምንት አንድ ቀን ነው፣ እሱም ከመጣ። የተቆረጠ ቅጠል ደርቆ ግቢውን እያለበሰ ስላስቸገረ፣ ቅጠል እስከ መኪናው ቀን ድረስ ገንዳው ውስጥ ረጥቦ ይቆይ የሚል ደንብ አውጥተናል። ሐሳቡ የሊቀመንበሩ፣ ጽሕፈቱ የእኔ። ዘበኛውም እንደ ደንቡ አርባውን ራስ ገንዳው ውስጥ ከተተው። ጃንጥላዎቹ ወደ ታች ተዘቅዝቀው፣ የተቆረጠው አንገት ወደ ላይ ሆኖ በዓሣው ዙሪያ ተንሳፈፉ። መኪናው በዚያ ሳምንት አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም።

እትዬ ሳፋ ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ከቤቴ በር ጀርባ ቆሜ እርምጃቸውን አዳመጥኩ። የብረት መደገፊያውን እየያዙ፣ በየደረጃው እያረፉ ወጡ። ላይ ሲደርሱ ድምፅ ጠፋ። ከዚያ እርምጃቸው መልሶ ወደ ታች መጣና ሁለተኛ ፎቅ፣ የእኔ በር ላይ ቆመ። ከፈትኩ።

«ማነው?» አሉ።

«የቆረጠው ዘበኛው ነው። ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

ይህን ያህል እውነት በአንድ ጊዜ ከአፌ መውጣቱ ራሴን ገረመኝ። ሥሩን ለምን ተዋችሁት አሉ። አሳዝነውኝ ነው አልኩ። ዓይናቸው ያን ጊዜ እርጥብ ነበር፤ ሊያለቅሱ ነው ስል ግን ቁጣ ሆነ።

«ለእኔ አትዘንልኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያዘኑልኝ ሰዎች ናቸው ያባረሩኝ። ራሶቹን የት ጣላችኋቸው?»

በመስኮቴ ገንዳውን አሳየኋቸው። ገቡና ቁልቁል ተመለከቱ። አንገት ወደ ላይ፣ ጃንጥላ ወደ ታች። ትንሽ ቆይተው ሳቁ፤ አንጀቴን የበላኝ ሳቃቸው ነው፣ አእምሯቸው የተነካ መስሎኝ። ማንም እንዳይነካው፣ መኪናው ሲመጣ ዘበኛው እንዳያወጣው አደራ አሉኝ። አደራውን ተቀበልኩ። መኪናው ስላልመጣ ምንም ድካም አልነበረበትም።

ሦስት ሳምንት ሲሆን ጠቅላላ ስብሰባ ተጠራ፣ ግቢው ውስጥ፣ ገንዳው አጠገብ። ትንኙ እንዳለ ነው፤ እንዲያውም ብሷል። ሊቀመንበሩ ቀበቶ እሰሩ ሲል እትዬ ሳፋ ሁለት ብርጭቆ ውሃ በትሪ ይዘው መጡና ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጡ። አንዱ ከሳፋቸው የተቀዳ፣ ሦስተኛ ቀኑን የያዘ ውሃ ነው። ሌላው ከገንዳው፣ ከዓሣው ሥር። ነርሷን ጠርተው ተመልከቺ አሏት። ነርሷ ሁለቱንም ወደ ብርሃን አንስታ አየች። የመጀመሪያው ባዶ ነው አለች። ሁለተኛውን ለጎረቤቷ አቀበለች፣ ጎረቤቷም ለሚቀጥለው፤ ብርጭቆው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ውስጡ ያለው ነገር ይፈራገጥ ነበር። እኔ ጋ ሲደርስ ሳላይ አሳለፍኩት፤ አውቀዋለሁና።

ሊቀመንበሩ ፊቱ ቀላ፤ ግን መሪውን አልለቀቀም። ገንዳውን ያበላሸው የእርስዎ ቅጠል ነው፣ ይውጣ አለና ዘበኛውን አዘዘው። ዘበኛው በመንሽ አንዱን ራስ ሊያነሳ ሲሞክር ከበደው። ሳብ ሲያደርገው ከሥሩ ስንዝር የሚያህል ነጭ ሥር ተንጠልጥሎ ወጣ፤ ከጃንጥላው መሃል ደግሞ ሦስት አረንጓዴ ቡቃያ ሽቅብ ቆሟል። ሌላውን አነሳ፤ ያው ነው። አንገቱን የቆረጥነው ደንገል ተዘቅዝቆ በራሱ ሥር ሰዷል። ሰው ሁሉ ከወንበሩ ተነሳ።

እትዬ ሳፋ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ አስረዱን። ረግረግ ላይ ዘንጉ ሲያረጅ ጎንበስ ይልና ራሱ ውሃ ይነካል፤ ውሃ በነካበት ይበቅላል። አንድ ጣት ዘንግ ይቀራል፣ ራሱ ይዘቀዘቃል፣ ማባዛት የፈለገ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እኛ አጠፋነው ስንል እንደ ባለሙያ ተክለንላቸዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አለ አንዱ ከኋላ፤ ተሳቀ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። ነገ ጠዋት ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት አምጥቼ እደፋበታለሁ፣ ትንኙም ቅጠሉም አብሮ ይሞታል፣ ስብሰባው አልቋል አለ። ውሃውን እናፍስሰው ማለት ውታፉ እንደተቀረቀረ፣ ፏፏቴውም እንደማይሠራ ማመን ሆነበት። ከዚያ ይልቅ ዘይት ይቀለዋል።

በማግስቱ ማስታወሻዬን ይዤ ስወርድ እትዬ ሳፋ ገንዳው ውስጥ ነበሩ። የሆስፒታሉን ረጅም የላስቲክ ቦቲ አድርገዋል፤ ውሃው ግን ከቦቲው አፍ በላይ ስለሆነ ሞልቶበታል። ሐኪሙ ቀዝቃዛ ውሃ በእግርሽ እንዳትነኪ ብሏቸው ነበር፤ መድኃኒቱን ገዝቼ ያመጣሁላቸው እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። አንድ እጃቸውን ዓሣው አናት ላይ አድርገው በሌላው ውሃው ውስጥ ይዳብሳሉ። ውታፉን እየፈለጉ ነው። ጎንበስ ባሉ ቁጥር ጉልበታቸው ይከዳቸውና ቀና ይላሉ። ሰው በየመተላለፊያው ብረት ላይ ተደግፎ ያያል። አንድም የሚናገር የለም። ሕንጻው ሙሉ እንደ እኔ ነው ማለት ነው ብዬ አሰብኩ፣ አፈርኩም።

ሊቀመንበሩ ጀሪካኑን ይዞ መጣ።

«እትዬ፣ ይውጡ። ዘይቱን ልደፋ ነው።»

«ድፋው። ከእኔ ጀምር።»

እትዬ ሳፋ ከእሳቸው በኋላ የተወለደን ሁሉ አንተ ነው የሚሉት፣ ኮሚቴም ቢሆን። ሊቀመንበሩ ጀሪካኑን የገንዳው ጠርዝ ላይ አሳረፈው። ክዳኑን ፈታ፣ መልሶ ገጠመ። እሳቸው ላይ እንደማይደፋው እሱም እሳቸውም ያውቃሉ፤ ግን ጠብቆ ሊያወጣቸው ይችላል። ብርዱ ከእሱ ጋር ነበር። ከንፈራቸው መጥቆር ጀምሯል።

«ጸሐፊ» አለኝ ሳይዞር፣ «ጻፍ። የኮሚቴውን ውሳኔ በመጣስ፣ በዛሬው ቀን፣ የጋራ ንብረት ውስጥ በመግባት…»

ማስታወሻውን ከፈትኩ። «ቀን» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ቀና ስል ዓይኔ ጉልበታቸው ላይ አረፈ። ይንቀጠቀጣል፤ በዙሪያቸው ያለው ውሃ አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ ቡቃያዎቹም በላዩ። ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ መዝግቤያለሁ። ገቢ ብያለሁ፣ ወጪ ብያለሁ። አንዱንም ይህ ልክ አይደለም ብዬ መልሼ አላውቅም። ነቅዣለሁ እኮ። ውስጤን ብትከፍቱት ዱቄት ነው።

ማስታወሻውን ዘግቼ ለዘበኛው ሰጠሁትና ገንዳው ዘንድ ሄድኩ።

«እትዬ፣ እርስዎ ይውጡ። እኔ እቆምልዎታለሁ።»

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«መጀመሪያ ጫማህን አውልቅ» አሉኝ።

አወለቅሁ። ሱሪዬን ጠቀለልኩና ገባሁ። ብርዱ አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ማለት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር ለካ። እትዬ ሳፋ ወዲያው አልወጡም። እጄን ይዘው ውሃው ውስጥ ከተቱና ውታፉ ላይ አስቀመጡት፤ የረጠበ ጨርቅ ጠቅልለውበታል። የእጥበት ገንዳ ውታፍ አይጎተትም፣ ጨርቅ ታለብሰውና ወደ ግራ ትጠመዝዘዋለህ አሉኝ። ጠመዘዝኩ። እምቢ አለ። ሊቀመንበሩ ጸሐፊ ውጣ፣ ውጣ ይላል፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። ሁለተኛ ጠመዘዝኩ። በሦስተኛው ከእጄ ሥር አንድ ነገር ተላቀቀና ገንዳው እንደ ተጠማ ሰው ጉሮሮ ድምፅ አሰማ።

ያን ጊዜ ነው እትዬ ሳፋ የወጡት። ነርሷ ከሦስተኛ ፎቅ ብርድ ልብስ ይዛ በሩጫ ወረደች፤ ዘበኛው ቦቲያቸውን አውልቆ ውሃውን ገለበጠላቸው። ሌሎችም ወረዱ፣ አንድ ሁለት እያሉ። እኔ ገንዳው ውስጥ ቆየሁ። ውሃው ከጉልበቴ ወደ ቁርጭምጭሚቴ፣ ከዚያ ወደ ጭቃ ሲወርድ፣ ቡቃያዎቹም ጭቃው ላይ ተራ በተራ ሲያርፉ ቆሜ ተመለከትኩ። ዘይት የሚደፋበት ውሃ አልቀረም። ሊቀመንበሩ ጀሪካኑን አንስቶ ሄደ።

ገንዳው አሁን በየሦስት ቀኑ ይፈስሳል፣ ይፈተጋል፣ ይሞላል፤ ተራው የእኔና የዘበኛው ነው። እትዬ ሳፋ ሁለት ሳምንት ተኝተው ተነሱ። ጉልበታቸው እንደ ቀድሞው አልሆነም፣ እውነቱን መደበቅ አልችልም፤ ከላይ ሆነው በብረቱ ላይ ተደግፈው እጣቢውን አሟጥጥ፣ ጥግ ጥጉን አልፈተግህም ይሉኛል። ትንኙ ቀረ። በተበሳሱ ባልዲዎች ተክለን ገንዳው ውስጥ ያቆምነው ደንገል የዓሣውን አፍ ሸፍኖታል። ሳፋቸው ላይም ራስ ከሌላቸው ዘንጎች መሃል አዲስ ወጥቷል።

ኮሚቴው ግን ኮሚቴ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ትእዛዝ ባለመቀበል ለጸሐፊው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ተወሰነ። ጸሐፊው እኔ ስለሆንኩ የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ በዕድሜዬ ከጻፍኳቸው ሁሉ ያማረው እሱ ነው። ማኅተም አስመትቼ አራተኛ ፎቅ ወጣሁና ለእትዬ ሳፋ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከቀኑ እስከ ፊርማው አነበቡት። ከዚያ እጃቸውን ቀሚሳቸው ኪስ ውስጥ ከተቱና አንድ የልብስ መቆንጠጫ አውጥተው ሰጡኝ።